መቀስን በዓይኔ እንደገና የተማርሁበት በጋ

ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው ባለቤቴ ይሁኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሰው የተናገረውን ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ከራሱ አንድም ቃል እንደማይጨምርብኝ አምኜዋለሁ። እኔም ድሮ ማንበብና መጻፍ አውቅ ነበር፤ ከዚያ ሕመም በኋላ ግን ሌላው ነገር ቀስ እያለ ሲመለስልኝ ፊደል ሳይመለስልኝ ቀረ። ስለዚህ እሱ ይጻፈው፣ በር ዘግቶ ከሰል የሚያነድ ሰው ሁሉ ይስማው። ዓይኗ እያየ ማወቅ ያቃታት፣ ቤተሰቧም አቅሏን ሳተች፣ ጨርቋን ጣለች ብሎ ተስፋ የቆረጠባት ካለች ደግሞ ትበርታበት።

ስሜ ስመኝ ነው። የተወለድሁት ሞጣ፣ የተዳርሁት ቢቸና ነው። ነገሩ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ይሁኔ ያን ጊዜ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ከቤታችን ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል የስፌት መኪና አቁሜ ልብስ እሰፋ ነበር። ልጃችን ፋሲካ ገና ዳዴ ማለት ጀምራለች። የባሌ እናት እመት ጥሩወርቅ ልጅቱን ሊያግዙኝ ከአምበር መጥተው አብረውን ሰንብተዋል።

ነሐሴ ነበር። የቢቸናን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከጎንም ይገርፋል። ለእንቁጣጣሽ የታዘዘ ልብስ ተከምሮብኝ ስለነበር ፋሲካን ለአማቴ ሰጥቼ ክፍሌን ዘጋሁ። ውሃው ጨርቁን እንዳያበላሽብኝ መስኮቷንም በጆንያ ወተፍኋት። ለካውያው የሚሆን ከሰል በምድጃ አቀጣጥያለሁ፤ እግሬንም ያሞቀኛል። ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም። ጭስ ከሌለው ምን ያደርገኛል አልሁ። ብዙ ሰው የሚሞተው ይህንኑ እያለ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ራሴን ጠዘጠዘኝ። ዓይኔ ደክሞ ነው ብዬ ቀጠልሁ። ቀጥሎ አቅለሸለሸኝ። ተነሥቼ በሩን ልከፍት አሰብሁ፤ ጉልበቴ ግን አልታዘዘልኝም። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ይሁኔ ከሥራ ሲመለስ የመኪናው ድምፅ አለመሰማቱ ገርሞት በሩን ቢገፋው፣ እኔ መኪናው ሥር ተደፍቻለሁ። ጎትቶ ዝናቡ ላይ አወጣኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ «አለቀላት» ሲል፣ አማቴ ብቻ እግሬን እያሹ «ትሞቃለች! ልጄ አልሞተችም!» ይሉ ነበር አሉ።

ስነቃ ዓለሙ ሁሉ ጉም ነበር። ጥቂት ቀን እንደዚያ ሰንብቼ ጉሙ ገለል አለና መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ ቀለም አየሁ። የይሁኔ ጋቢ ነጭ ነው፤ የአማቴ ቀሚስ ጥቁር ነው። ዳንሁ ብዬ አመሰገንሁ። አማቴ አጥሚት ይዘውልኝ መጡ።

«እንኪ ልጄ፣ ፉት በዪ» አሉኝ።

በእጃቸው የያዙትን አየሁት። ነጭ ነው፤ ያበራል። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ግራ ገብቶኝ ስመለከተው እጄ በራሱ ሄዶ ጆሮውን ያዘው። ጣቴ እንደነካው ወዲያው «ኩባያ!» አልሁ።

አማቴ ደነገጡ። «ታዲያ ኩባያ ካልሆነ ምን መስሎሽ ነበር?»

ኩባያውን ተቀብዬ ፉት አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የሰው ቤት ሆነብኝ። የማላየው ነገር አልነበረም። ጠርዙን አያለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ ሲንቀሳቀስም አያለሁ፤ ምንነቱ ግን አይመጣልኝም። የሰው ፊትም እንደዚያው ነው፤ ዓይንና አፍንጫ አያለሁ፣ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ ድምፁ ነው። እጄ ሲነካ ግን ሁሉንም ያውቃል። መቀሴን ባየው የሚያብለጨልጭ ነገር ነው፤ ስይዘው መቀሴ ነው። በገዛ ቤቴ እንደ ዕውር እየዳሰስሁ፣ ዕውር ግን ሳልሆን ኖርሁ። መንገድ ስወጣ የማውቀው ሰው ዝም ብሎ ካለፈኝ ሰላም አልለውም። «የጸሐፊ ሚስት ኮራች» ተባልሁ። አንዷን ወዳጄን በእጇ ለመለየት ክንዷን ስዳብሳት ደግሞ «አበደች» ተባለ። ኮራች መባሉ ይሻለኝ ነበር።

ይሁኔ መጀመሪያ የወሰደኝ ገበያ ዳር ቤት ተከራይቶ መርፌ ወደሚወጋ ሰው ነው። የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና «የዓይን ማዝ ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱ ዓይኔን አቃጠለኝ እንጂ ኩባያን ኩባያ አላደረገልኝም። ቀጥሎ ይሁኔ ከአንድ ነጋዴ መነጽር ገዛልኝ። መነጽሩን ሳደርገው የማላውቀው ነገር ሁሉ ጎላ ብሎ ታየኝ። አማቴ በበኩላቸው «ይኸ ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ዕጣን አጨሱልኝ፣ ክታብም አሰሩልኝ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም ዓይኔን ነበር የሚያክመው፤ ዓይኔ ደግሞ ደህና ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የተጣጠፈ ልብስ ታቅፌ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ላይ ነጭ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ያው የቀረ ጨርቅ መስሎኝ፣ ልቀመጥበት ጎንበስ ስል አማቴ ከበሩ ጮኹ። ደርሰው በክንዴ መነጨቁኝ። ነጠላ ለብሳ የተኛችው ፋሲካ ነበረች። በጩኸቱ ነቅታ ስታለቅስ ነው እኔ ልጄ መሆኗን ያወቅሁት።

አማቴ ልጅቱን አቅፈው ተቀመጡ። «ስመኝ፣ ክፉ ነሽ አላልሁም» አሉ። «ግን እስኪሻልሽ ፋሲካን አምበር ይዣት ልሂድ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።»

«ይውሰዷት፣ እማዬ» አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ወተቴ ከሕመሙ ጋር ደርቋል። የልጄን ፊት ዓይኔ ላይ ላኖር ደጋግሜ አየሁት፤ ዞር ስል ይጠፋኛል። ስለዚህ እግሯን ይዤ ሳምሁት። እግሯን እጄ ያውቀዋል።

የይሁኔ ዘመዶች ደግሞ መጡና ከቤት ፊት ቁጭ ብለው መከሩት። «ገና ልጅ ነህ። ወደ ወገኖቿ ስደዳት፤ ነገ ልጅህን ብትገድልስ?» ሲሉት ከውስጥ እሰማለሁ። ይሁኔ ነገር አያበዛም። «ሚስቱ ብትታመም ጥሏት ሄደ የሚል አቤቱታ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። አሁን የራሴን ስም እንድጽፍ ነው የምትፈልጉት?» አላቸው። ይህን አሁን ሲጽፍ አፍሮ ሊዘለው ነበር፤ ጻፈው አልሁት።

ጠበል ልጠመቅ ከይሁኔ ጋር ደብረ ወርቅ ወረድሁ። እዚያ ልቤ አረፈ፤ ሰው ሳያየኝ እንደ ልቤ አለቀስሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ የደረሰብኝን ጠየቁኝ። እኔ የዓይኔን ነገር ስነግራቸው እሳቸው ስለ ከሰሉ ጠየቁኝ። በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ፣ ስንት ሰዓት ቆየሽ፣ ራስሽን አመመሽ ወይ አሉኝ። ከዚያ ለይሁኔ «ልጄ፣ ጠበሏን ትጠመቅ። ከሰል የጎዳውን ደግሞ ሐኪም ይየው። ደብረ ማርቆስ ውሰዳት» አሉት። የሕመሜን መነሻ ከከሰሉ ጋር ያገናኘ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሞልቷል። አግዳሚው ላይ አስቀምጦኝ ይሁኔ ተራ ሊይዝ ሄደ። በተዘጋ በር ፊት መጠበቅ ለማንም ከባድ ነው፤ ለኔ ደግሞ በሩ የትኛው እንደሆነም አይታወቀኝም። ነጭ የለበሰ ያልፋል፣ ሐኪም ይሁን ገበሬ አልለይም። ፈርቼ ጥፍሬን ስነክስ ጎኔ ያለው ሰው መዳፌን ፈልቅቆ የሆነ ነገር አፈሰሰበት። ቆሎ ነው፣ የሽምብራ ቆሎ። «ብይ እቴ፤ ባዶ ሆድ ፍርሃት ያበዛል» አለችኝ። ሴት መሆኗን በድምፅዋ አወቅሁ። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ቆሎ ግን አልረሳሁትም።

ሐኪሙ ወጣት ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ዓይኔን በመብራት አዩና «ዓይንሽስ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ነው። ቀጭን ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«እንጃ።»

«እስቲ ውሰጅው።»

እጄን ዘርግቼ ያዝሁት። «ብዕር ነው» አልሁ።

ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደኛ አስጠጉ። «አዩዋት፣ አቶ ይሁኔ? ብዕሩን ሳትነካው በፊት ጣቶቿ ብዕር እንደሚይዝ ሰው ሆነው ነበር የተዘጋጁት። የማታውቀውን ነገር እጇ ዐውቆ ነው የሄደው።» ድምፃቸው ውስጥ መደነቅ ነበር። እስከዚያ ድረስ እኔን አይቶ የተደነቀ ሰው አልነበረም፤ የደነገጠ እንጂ።

ከዚያ የነገሩኝን እኔ በገባኝ ልክ ልናገር። ዓይን በር ነው አሉኝ። በዓይን የገባው ከማጅራት ከፍ ብሎ ወዳለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጆሮ ግንድ ግድም ሲሄድ «ይህ ኩባያ ነው፣ ይህ መቀስ ነው» የሚል ቦታ አለ። ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየው ዕቃ መልኩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የከሰሉ መርዝ ሽታም ጭስም ሳይኖረው ወደ ደም ገብቶ የጎዳው ያን መንገድ ነው። እጅን የሚመራው ቦታ ሌላ ስለሚመስል እሱ ተርፏል።

«ታዲያ መድኃኒቱ?» አለ ይሁኔ።

«መድኃኒት የለኝም» አሉ ሐኪሙ። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን አልደበቁም፤ ስለዚህ ነው ያመንኋቸው። «ግን ስሚኝ እህቴ። ከጆሮሽ ወደ ውስጥ ጠልቆ ደግሞ አንድ ትንሽ ቦታ አለ። አዲስ ነገር ተቀብሎ፣ እስኪጸና ድረስ የሚይዝ እሱ ነው። የዛሬ ትምህርት ዛሬውኑ አይጸናም። ጭቃ ግድግዳ ለጥፈሽ በዚያው ዕለት አትደገፊበትም አይደል? ማደር አለበት። እንዲህ ያለው የሚጸናው ሰው ሲተኛ ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ። የተጎዳው ቦታ ሁሉ አልሞተም ብዬ አስባለሁ። እንደ ሕፃን እንደገና ተማሪ። ጥቂት ዕቃ ብቻ፣ መጀመሪያ በእጅሽ፣ ቀጥሎ እያየሽ በእጅሽ፣ ከዚያ ተኝተሽ ተነሺና በዓይንሽ ብቻ። ቀኑን ሙሉ አብሮሽ የሚቀመጥ ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልግሻል።»

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ይሁኔ «እንዲህ ያለ ሰው ከየት እናመጣለን?» አለ። እኔ ግን ሐኪሙ ሲናገሩ ጀምሬ አንድ ሰው ነበር በልቤ የያዝሁት። «ሞጣ ውሰደኝ» አልሁት። «እትዬ ዘይነባ ዘንድ።»

እትዬ ዘይነባ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ጨርቅና ክር ይሸጡ፣ ልብስም ይሰፉ ነበር። እናቴ ስትሞት ጎረቤታችን ስለነበሩ እየጠሩ መኪናው ፊት ያስቀምጡኝ ነበር። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ስለታም ነው። ሞጣ ውስጥ እሳቸውን ዋጋ ቀንሱ ብሎ ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም።

በኅዳር መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና ተሳፍረን ደረስን። እስከዚያ ድረስ ያየኝ ሰው ሁሉ አልቅሶልኛል። እትዬ ዘይነባ አላለቀሱም። «ግቢ። ደፍ አለ፣ እግርሽን አንሺ» አሉኝ። ምንጣፍ ላይ አስቀምጠውኝ ይሁኔ ሁሉንም እስኪነግራቸው ሰሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እሺ፣ ምን ተረፈሽ?»

ሰው ሁሉ ምን አጣሽ ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። ትንሽ አሰብሁ። «እጄ ተርፏል» አልሁ።

«ወላሂ፣ እጅ ከተረፈ ልብስ ሰፊ አልሞተችም። ይሁኔ፣ አንተ ወደ ሥራህ ሂድ።»

በማግሥቱ ጀመርን። ከፊቴ ጥቂት ዕቃ ዘረጉ፤ መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ ማንኪያ፣ እንቁላል። ዓይኔን ጨፍኜ እዳስሳለሁ፤ ስሙን እናገራለሁ፤ ዓይኔን ገልጬ እያየሁ እንደገና እዳስሳለሁ። «መቀስ ሁለት ቀለበት አለው፣ ሁለት ምላስ አለው» ይሉኛል፤ እኔም እላለሁ። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አስይዘውኝ «አሁንስ?» ይሉኛል። ይጠፋኛል። አንድ ቀን በእንቁላሉ ላይ አፍጥጬ «ድንች» ስላቸው ሳቁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አንቺ ግን እንዲሄድ ከመጠበቅሽ በፊት እወቂው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ከታመምሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉንም በትክክል ጠራሁላቸው። ደስ ብሎኝ ዞር ስል እሳቸው አልተደሰቱም። ዕቃውን አንሥተው ቦታ አለዋወጡትና «አሁን ጥሪ» አሉ። አንዱንም አላወቅሁም። በስተቀኝ ያለው መቀስ ነው፣ ቢጫው ማበጠሪያ ነው እያልሁ ነበር የያዝሁት፤ ለራሴም አልታወቀኝም። እትዬ ዘይነባ ግን ነቅተውብኛል። «ዓይንሽ በጓሮ በር ሊገባ ነው የሚፈልገው» አሉ። ያን ምሽት ተቀምጠው ለመቀሱ እጀታ፣ ለማንኪያው፣ ለማበጠሪያው ሁሉ ከአንድ ነጭ ጨርቅ ልብስ ሰፉለት፤ በቀለም እንዳልለየው። ቦታውንም በየጊዜው ይቀይሩታል። ማንም አላስተማራቸውም። ብልሃቱ የመጣው እኔን ሲያዩ ከመዋል ነው። እኔ የማላውቀውን ስሕተቴን እሳቸው ያውቁት ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ሱቁ ሰው በሚሞላበት ገበያ ቀን ጠዋት የተማርሁት ማታ አይገኝም፤ ከመተኛቴ በፊት የተማርሁት ግን ጠዋት ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ ያሉትን ይሁኔ ነግሯቸው ነበርና፣ ትምህርቴን ወደ ምሽት አዞሩት። ቀትር ላይም ጥቂት አስተምረውኝ ሱቁ ጓዳ ያስተኙኛል። ገዢዎች በመጋረጃው ሥር እግሬን ያያሉ። አንዷ «እንግዳሽ ሰነፍ ናት መሰል፣ በጠራራ ፀሐይ ትተኛለች» ስትላቸው ሰማሁ።

«ተዪያት» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እሷ ተኝታ ነው የምትሠራው።»

ይህን ከዓመት በኋላ ለሐኪሙ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ። እትዬ ዘይነባ አብረውኝ ነበሩ። ሐኪሙ እሳቸውን አስቀምጠው ስለ ነጩ ጨርቅ፣ ስለ ቀትር እንቅልፉ፣ ስለ ገበያው ቀን አንድ በአንድ ጠየቋቸው። እሳቸውም በተራቸው ስለ አንጎል ጠየቋቸው፤ ያ ትንሹ ቦታ በየትኛው በኩል ነው፣ በግራ ነው በቀኝ ነው አሉ። በሁለቱም በኩል መሆኑን ሲሰሙ «አላህ መጠባበቂያ አኑሮልናል» አሉ። ሁለቱ ሲነጋገሩ እኔ ተረስቼ ነበር፤ መረሳቴ ግን ደስ አለኝ።

መሃል ላይ አንድ ክፉ ሳምንት መጣ። ከእትዬ ዘይነባ ቤት አጠገብ ያሉ ሽማግሌ ሞቱና ለቅሶ ሆነ። እኛም ለቅሶ ቤት ዋልን፣ አመሸን። እንቅልፍ ጠፋ። ለቅሶው ሲያልፍ ዕቃው ፊት ስቀመጥ በዚያ ሳምንት የተማርሁት ፋኖስ፣ ወንፊት፣ ቁልፍ ሁሉም ጠፍቷል። ምንጣፉ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። «ወደ ነበርሁበት ተመለስሁ፤ ተዉኝ እትዬ፣ ይበቃኛል» አልኋቸው።

እትዬ ዘይነባ ማባበል አያውቁም። ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ እንደገና አሳዩኝ። ማንኪያውን አወቅሁት። ማበጠሪያውንም አወቅሁት። እንቁላሉን አወቅሁት።

«አየሽ?» አሉ። «የጠፉት አዲሶቹ ናቸው። የቆዩት ቦታቸው ላይ ናቸው። እንቅልፍ ያላገኙት ናቸው የሸሹሽ። እንግዲያስ መሠረት አለሽ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

ይህን ስሰማ ጉልበት አገኘሁ። እስከዚያ ድረስ የማምነው እሳቸውን ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የራሴንም ጭንቅላት ማመን ጀመርሁ። እኔ ሳንኮራፋ ውስጤ የሚሠራ አለ። ቀን እኔና እትዬ ዘይነባ የለጠፍነውን ጭቃ ሌሊት የሚያደርቅልኝ አለ። እንዴት ያለ ሠራተኛ ነው! ደመወዝ አይጠይቅ፣ ብርሃን አይፈልግ፣ ዝም ብለሽ ተኚልኝ ብቻ ነው የሚለኝ።

መቀሱ ግን እንቢ እንዳለኝ ነበር። ብዙ ዕቃ ሲገባኝ መቀስ አይገባኝም፤ ተከፍቶ ሌላ፣ ተዘግቶ ሌላ፣ በጎኑ ሌላ ይሆንብኛል። ለአንዲት ልብስ ሰፊ እንዴት ያለ ነገር ነው። በየማታው አንዴ ከፍተው፣ አንዴ ዘግተው፣ አንዴ አዙረው ያሳዩኛል። ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። በልብሱ መካከል አንድ ነገር ፀሐይ ነክቶት ያበራል።

«መቀሱን ማን ነው እዚህ የሰቀለው?» አልሁ።

አፌ ከተናገረ በኋላ ነው የሰማሁት። አልነካሁትም። እዚያ ቦታ ተሰቅሎ አያውቅም። ነጭ ልብሱንም አልለበሰም፤ ራቁቱን ነው። ዓይኔ ነው ያወቀው።

ከኋላዬ እትዬ ዘይነባ «እኔ ነኝ የሰቀልሁት» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። እሳቸው ሲያለቅሱ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከመቀሱ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ለገና እትዬ ዘይነባ እኔ ጾም እንድፈታ ክርስቲያን ጎረቤታችን ዘንድ ዶሮ አሳረዱልኝ፤ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሽንኩርቱን በዓይኔ አይቼ የከተፍሁትም እኔ ነኝ። መኪናው ፊት ተቀመጥሁና ለፋሲካ ቀይ ቀሚስ ሰፋሁ። ስፌቱ እጅጌው ላይ ጠምዘዝ ብሏል፤ እትዬ ዘይነባ አይተው «ይፈታ» አሉ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

እንግዲህ ለሰሚ የምለው ይኼ ነው። ከሰል ጭስ የለውም ብላችሁ በር አትዝጉ፤ ከደጅ አቀጣጥላችሁ ብታስገቡትም አትመኑት። ከቤታችሁ እንዲህ የታመመ ካለ ምን ጠፋው ከማለታችሁ በፊት ምን ተረፈው በሉ። ስታስተምሩት አትቸኩሉ፣ እንቅልፉንም አትንሱት። ደግሞ ሁሉም አይመለስም፤ ይህን መደበቅ አልወድም። ፊደል አልተመለሰልኝም። የብዙ ሰው ፊትም አልተመለሰልኝም፤ ሰላም ካላላችሁኝ አልፋችኋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ለጥምቀት ይሁኔ መጣ። እናቱንና ፋሲካን ይዟል። የእሱን እርምጃ ከበሩ አወቅሁት። አማቴ አቅፈው ሳሙኝ፤ ሽታቸውን አወቅሁ። ከዚያ እግራቸው ሥር አንድ ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጄ ቆማ ትሄዳለች። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ። ፊቷን አየሁት፤ አላወቅሁትም። እሷም አየችኝ፤ አላወቀችኝም። ጮኻ የአያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

አማቴ «ትለምድሻለች፣ ትለምድሻለች ልጄ» እያሉ ራሳቸው ያለቅሳሉ። ይሁኔ ግድግዳውን ተደግፏል። ያን ሁሉ ዕቃ የተማርሁት ለዚህ ቀን ነበር፤ ቀኑ ሲመጣ ልጄና እኔ እንግዳ ለእንግዳ ሆንን።

እትዬ ዘይነባ ብቻ አልደነገጡም። «ምን ትተክዛላችሁ? ሁለቱም ዛሬ ትምህርት መጀመራቸው ነው» አሉ። «ስመኝ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጭ። ወዳንቺ ትምጣ። አጫውቻት፣ ትንካሽ፣ ንኪያት። ማታ አብራችሁ ተኙ።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ። የክር ማጠንጠኛ አንከባለልሁላት፤ መጀመሪያ ከአያቷ ቀሚስ ሥር አየችው፣ ከዚያ ተከተለችው። ከሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሷ አፍንጫዬን ትይዛለች፣ እኔ አፍንጫዋን እይዛለሁ። እሷ ጆሮዬን ትጎትታለች፣ እኔ ጉንጯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ጎድጎድ ያለች ቦታ እያየሁ እዳስሳለሁ። ስትስቅ ፊቷ የት የት ጋ እንደሚነሣ እያየሁ ዳሰስሁት። ማታ ጎኔ አስተኙልኝ። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነበር። ምንም ሳላስብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ገብቷል። አንድ ፊት ከፊቴ ቁልቁል ያየኛል። ድምፅ አላሰማም። አልነካሁትም፤ እጄ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበር። ክብ ነው፤ አገጩ ላይ ጥላ አለ።

«ፋሲካ» አልሁ።

እሷም ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።